ትልቅ ዛፍ ሲጠማ በምን ይታወቃል?



የቦኖው ወረፋ በሚረዝምበት በደረቁ ወራት፣ በትምህርት ቤት ግቢና በየሰፈሩ ስለቆሙት ትልልቅ ዛፎች ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንዳንዱ «ቅጠሉ ረገፈ፤ ሊደርቅ ነውና ልጆቹ ያጠጡት» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሰው ሳይጠጣ ለዛፍ ውኃ ይሰጣል ወይ?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ዛፉ ከደረቀ ሌላ ጥላ ለማግኘት ብዙ ዓመት መጠበቅ የግድ ነው። ውኃው ደግሞ የእናቶችና የልጆች ድካም ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው ከሁለቱም አነጋገሮች በፊት መቅደም ያለበትን ጥያቄ ነው። ይኸውም «ዛፉ በእርግጥ ጠምቶታል ወይ?» የሚለው ነው። ቅጠል የረገፈ ዛፍ ሁሉ አልጠማውም። ለምለም የሚመስል ዛፍ ሁሉም ደግሞ ጤነኛ አይደለም። ሳይመረምሩ ማጠጣት ውኃ ማባከን ሊሆን ይችላል፤ ሳይመረምሩ መተውም ዛፉን ማጣት ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ችግሩን በጊዜ የሚያውቅ ሰው በጥቂት ውኃ ያድነዋል።

የካኩማ ካምፕ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተተከለ ዛፍ ዛሬ በዕድሜ ከእናንተ ከተማሪዎቹ ሁሉ ይበልጣል። ካምፑም ከ200 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርበት፣ መንገድና ገበያ ያለው፣ እንደ ከተማ ያለ ቦታ ሆኗል። ስለዚህ በትልልቅ ከተሞች ያረጁ ዛፎችን የሚያጋጥማቸው ችግር የእኛንም ዛፎች ያጋጥማቸዋል።

ዛፍ ውኃ የሚጠጣው እንዴት ነው?

ዛፍ ውኃ የሚጠጣው በሥሩ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገር ግን ዋናው ጠጪ ግንዱ አጠገብ የሚታየው ወፍራም ሥር አይደለም። ወፍራሙ ሥር በተለይ ዛፉ እንዳይወድቅ የሚይዝ ነው። ውኃ የሚመጠው ከግንዱ ርቆ የሚገኘው እንደ ክር የቀጠነ ሥር ነው። አብዛኛው ቀጭን ሥር ከመሬት ገጽ እስከ 1 ሜትር ባለው አፈር ውስጥ ይገኛል። ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፎ ይዘረጋል። እንደ ግራር ያሉ የደረቅ አገር ዛፎች ከዚህ በተጨማሪ ወደ ታች በጣም የሚጠልቅ ሥር አላቸው።

ሥሩ የመጠጠው ውኃ በግንዱ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች እየተሳበ ወደ ቅጠል ይወጣል። እነዚህ ቱቦዎች በባዮሎጂ ትምህርት ዛይለም የምንላቸው ናቸው። በቅጠሉ ላይ ደግሞ ስቶማታ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። ውኃው በእነዚህ ቀዳዳዎች ተንኖ ይወጣል። አየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በዚያው በር ይገባል፤ ዛፉም በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ ምግቡን ያዘጋጅበታል።

ቀን ፀሐይ ሲበረታ ከቅጠሉ የሚወጣው ውኃ ከሥር ከሚመጣው ሊበልጥ ይችላል። በዚያን ጊዜ ግንዱ በዓይን በማይታይ መጠን ይኮማተራል፤ ሌሊት ውኃው ሲተካ መልሶ ይሞላል። ተመራማሪዎች ይህን ዴንድሮሜትር በሚባል መሣሪያ ይለካሉ። ሌሊትም እየተኮማተረ የሚያድር ግንድ የተጠማ ግንድ ነው።

አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ ዛፉ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። በዚህም ውኃ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ በሩ ሲዘጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይገባም፤ ምግብ መሥራቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ዛፉ በግንዱና በሥሩ ካከማቸው ስንቅ መብላት ይጀምራል። ልክ እህል ያልገባለት ቤተሰብ ጎተራውን እየጠረገ እንደሚከርመው ማለት ነው። ትልቅ ዛፍ ትልቅ ጎተራ ስላለው ክፉ ዓመትን ያልፋል፤ ከውጭ ሲያዩትም ደኅና ይመስላል። ጎተራው ባዶ በሆነ ጊዜ ግን ግንድ የሚበሳ ጥንዚዛና የሚያበሰብስ ፈንገስ ያጠቁታል፤ የሚከላከልበትም ኃይል አይኖረውም። ሰው «ዛፉ ዘንድሮ በድንገት ደረቀ» ይላል እንጂ ጥማቱ የጀመረው ምናልባት ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አስቀድሞ መከታተል ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የከተማ ዛፍ ችግር

የጫካ ዛፍ የራሱ ቅጠል ወድቆ አፈሩን ይሸፍንለታል፤ ዝናቡም በለስላሳው አፈር ይሰርጋል። የከተማ ዛፍ ይህ ሁሉ ይጎድለዋል። በአራት ነገር ይቸገራል።

አንደኛ፣ መሬቱ በአስፋልትና በሲሚንቶ ይሸፈናል፤ ዝናቡ ወደ ሥሩ ሳይገባ በቦይ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ አፈሩ በሰውና በመኪና ስለሚረገጥ ይጠቀጠቃል። በተጠቀጠቀ አፈር ውስጥ ውኃም አየርም እንደልብ አይገባም። ሥር ደግሞ ያለ አየር አይኖርም። ሦስተኛ፣ ለቧንቧ፣ ለመብራት መስመርና ለቤት መሠረት ሲቆፈር ሥሩ ይቆረጣል። አራተኛ፣ ቆርቆሮው፣ ድንጋዩና አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት ይዘው ስለሚያድሩ ዛፉ የበለጠ ውኃ ያጣል።

በእኛ ካምፕ አስፋልቱ ጥቂት ነው። መርገጡ፣ መቆፈሩና የቆርቆሮው ሙቀት ግን አለ።

ከሜልበርን ከተማ የምንማረው

ይህ ችግር በሰፊው የታየበትን አንድ ከተማ እንመልከት። ሜልበርን በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ የምትገኝ ትልቅ ከተማ ናት። አውስትራሊያ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለችም። አዲስ አበባን የከበባት ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1890ዎቹ የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው።

በሜልበርን መናፈሻዎችና ሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ በ19ኛው መቶ ዘመን የተተከሉ ኤልም የሚባሉ ትልልቅ ዛፎች ይገኛሉ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የነበሩትን ኤልሞች በፈንገስ የሚመጣ በሽታ በብዛት ፈጅቷቸዋል። ያ በሽታ ወደ አውስትራሊያ ስላልገባ የሜልበርኖቹ ተርፈዋል። ከበሽታ የተረፉትን ግን ሌላ አደጋ ጠበቃቸው። ከ1997 እስከ 2009 ድረስ ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያን ረዥም ድርቅ መታው፤ ይህም የሚሌኒየም ድርቅ ይባላል። የግድቦቹ ውኃ እየቀነሰ ሲሄድ መንግሥት የውኃ አጠቃቀምን በደንብ ወሰነ። የመናፈሻ ሣር ማጠጣትም ተገደበ።

በዚህ ጊዜ አንድ ያልታሰበ ነገር ታየ። ለሣሩ ሲባል ይረጭ የነበረው ውኃ ለካስ ዛፎቹንም ያጠጣ ኖሯል። መርጨቱ ሲቆም ብዙ ዛፎች መጎሳቆል ጀመሩ። የኤልም ቅጠል በተለምዶ የሚረግፈው በእነርሱ መጸው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። በድርቁ ዘመን ግን ገና በሞቃቱ ወቅት መሃል ቢጫ ሆኖ መርገፍ ጀመረ። የቅርንጫፎቹም ጫፍ ደረቀ።

የከተማው አስተዳደር ምን አደረገ? በመጀመሪያ ውኃውን በአየር ላይ መርጨት ትቶ፣ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሥር እንዲገባ አደረገ። በአንዳንድ ቦታም ለመንገድ መከለያ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያዎችን በውኃ ሞልቶ ከዛፉ ሥር እንዲያንጠባጥቡ አስቀመጠ። ቀጥሎም ከመንገድ የሚወርደውን የዝናብ ጎርፍ ከመሬት በታች በተሠሩ ገንዳዎች ማጠራቀምና ማጣራት ጀመረ፤ ፊትዝሮይ የሚባለው ጥንታዊ መናፈሻ የሚጠጣው አንዱ ውኃ ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሊጠቀስ የሚገባው ቆጠራው ነው። አስተዳደሩ የሚጠብቃቸው ዛፎች 70 ሺህ ያህል ናቸው። ባለሙያዎች በየዛፉ እየዞሩ ጤንነቱን ተመለከቱ፤ «ይህ ዛፍ ገና ስንት ዓመት ያገለግላል?» የሚለውንም ገምተው ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ሰጥተው በካርታ ላይ አሰፈሩ። በ2012 ባወጡት ዕቅድ የከተማውን የዛፍ ጥላ ከ22 በመቶ ወደ 40 በመቶ እስከ 2040 ለማድረስ ወሰኑ። ዳግመኛም አንድ ችግር ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳይጨርስ፣ ወደፊት አንድ የዛፍ ዓይነት ከጠቅላላው ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል መመሪያ አወጡ።

ለእያንዳንዱ ዛፍ የኢሜል አድራሻም ተሰጠው። የታሰበው ሕዝቡ የተሰበረ ቅርንጫፍ ወይም የደረቀ ዛፍ ሲያይ እንዲያሳውቅ ነበር። ሰዎቹ ግን ከዚያ አልፈው «ጥላህ ደስ ይለኛል፤ ስለቆምክልን አመሰግናለሁ» የሚል ዓይነት ደብዳቤ በሺህ በሚቆጠር ብዛት ለዛፎቹ ጻፉ። ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። ሰው በየቀኑ የሚያልፍበትን ዛፍ እንደ ጎረቤቱ እንደሚያውቀውም ያሳያል። የመጀመሪያውን የጥማት ምልክት የሚያየውም ይህ ጎረቤት ነው።

የጥማትና የሕመም ምልክቶች

ባለሙያዎች አንድን ዛፍ ሲመረምሩ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይመለከታሉ። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ።

1. አናቱ። ከዛፉ ርቃችሁ ቁሙና ወደ ላይ ተመልከቱ። ጫፍ ላይ ያሉት ቀንበጦች ቅጠል አልባ ሆነው ደርቀዋል? ውኃ ለመድረስ ሩቁ ቦታ ጫፉ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርቀው እርሱ ነው። በአናቱ በኩል የሚታየው ሰማይ ካለፈው ዓመት በዝቷል?

2. ቅጠሉ። መጠኑ ከወትሮው አንሷል? ጠዋት ገና ፀሐይ ሳይበረታ ጠውልጎ ይታያል? በቀትር ጠውልጎ በማግስቱ ጠዋት የሚቃና ቅጠል ብዙም አያሳስብም። ጠዋትም ጠውልጎ የሚገኝ ከሆነ ግን ሌሊቱን የሚተካ ውኃ አላገኘም ማለት ነው። የቅጠሉ ዳርቻ ቡናማ ሆኖ መድረቁም አንድ ምልክት ነው።

3. ግንዱ። ቅርፊቱ ተሰንጥቋል? ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችና የእንጨት ዱቄት ይታያሉ? እነዚህ ጥንዚዛ መግባቱን ያመለክታሉ። ሙጫ ወይም ጥቁር ፈሳሽ ይወርዳል?

4. እግሩ። ከግንዱ ሥር እንጉዳይ በቅሏል? እንጉዳይ ከታየ ውስጡ መበስበሱን መጠርጠር ይገባል። መሬቱ በአንድ ወገን ተሰንጥቆ ወይም ተነስቶ ዛፉ ካጋደለ አደገኛ ስለሆነ ልጆች ከሥሩ መቀመጥ የለባቸውም፤ ወዲያው ለመምህር ወይም ለሰፈር ኃላፊ ንገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ቅጠል መርገፍ ብቻውን የሕመም ምልክት አይደለም። ኒምም ሆነ ግራር በደረቁ ወቅት ቅጠሉን አርግፎ መልሶ ሊያወጣ ይችላል። ይህ የዛፉ ብልሃት ነው፤ ቅጠል ሲቀንስ የሚወጣውም ውኃ ይቀንሳልና። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ረገፈ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ካለፈው ዓመት ቀድሞ ረገፈ ወይ? መልሶስ አወጣ ወይ?» የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ደግሞ የተጻፈ መዝገብ ያስፈልጋል።

አፈሩን ሳትመረምሩ አታጠጡ

ሥሩ ጭቃ ውስጥ ተዘፍቆ አየር ያጣ ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ይጠወልጋል። የተጠማ ዛፍም እንዲሁ ይሆናል። ከላይ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ጭቃ ውስጥ ላለው ዛፍ ውኃ መጨመር እርሱን መጉዳት፣ የሰውንም ውኃ ማባከን ነው። የሚለያቸው አፈሩ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ከግንዱ አጠገብ ሳይሆን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ ባለው መሬት ላይ በእጅ የሚያስገባ ጠባብ ጉድጓድ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። ሥር እንዳትቆርጡ፣ የውኃ ቧንቧም እንዳትነኩ ቦታውን አስቀድሞ ትልቅ ሰው ያሳያችሁ። ከጉድጓዱ መጨረሻ አንድ እፍኝ አፈር አውጥታችሁ ጨምቁት።

— ውኃ ከወጣው ወይም እጅ ላይ ከተለጠፈ፣ እርጥበቱ በዝቷል፤ አታጠጡ።
— ተጨምቆ ቅርጹን ከያዘ፣ በቂ እርጥበት አለው፤ ከሳምንት በኋላ እንደገና እዩት።
— እንደ ዱቄት ከተበተነ ወይም እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ደርቋል።

አሸዋማ አፈር እርጥብም ሆኖ በደንብ አይጨመቅም። ስለዚህ በአሸዋ ላይ በመልኩና በቅዝቃዜው ፍረዱ። እርጥብ አሸዋ ጠቆር ይላል፤ ሲዳስሱትም ይቀዘቅዛል። ጉድጓዱን ስትጨርሱ መልሳችሁ ድፈኑት።

በሀብታም ከተሞች ይህንኑ ሥራ አፈር ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ይሠራዋል፤ የእርጥበቱንም መጠን በሬዲዮ ሞገድ ወደ ቢሮ ይልካል። ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ነገር ግን የሚመልሰው ጥያቄ የእናንተ እጅ ከሚመልሰው አይለይም፤ ይኸውም «አፈሩ ደርቋል ወይስ አልደረቀም?» የሚል ነው።

መለካትና መመዝገብ

ለአንድ ዛፍ አንድ ደብተር ያስፈልገዋል። በወር አንድ ጊዜ የሚከተሉትን ጻፉበት፤ ቀኑን፣ የአፈሩን ሁኔታ፣ የቅጠሉን መልክ፣ አዲስ የደረቀ ቅርንጫፍ መኖር አለመኖሩን፣ እንዲሁም በወሩ የዘነበውን ዝናብ። ዝናብ ለመለካት ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነ ባዶ ቆርቆሮ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጡ። ዝናቡ እንዳበቃ በማስመሪያ የውኃውን ከፍታ በሚሊ ሜትር ለኩ።

በዓመት አንድ ጊዜ የግንዱን ዙሪያ ለኩ። የሚለካው ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ሜትር ከሌለ በሲባጎ ከዙራችሁ በኋላ ሲባጎውን በማስመሪያ ለኩት። ለምሳሌ ዙሪያው 157 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለ3.14 ስናካፍለው የግንዱ ዳያሜትር 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቦታና በዚያው ወር ስትለኩት ምንም ካልጨመረ ዛፉ ለማደግ የሚተርፈው ምግብ አጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ካሜራ ያለው ስልክ ከተገኘም በዓመት ሁለት ጊዜ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶግራፍ አንሱት። ዓይን ይረሳል፤ ፎቶግራፍና ደብተር ግን አይረሱም።

ስንት ውኃ ይበቃዋል?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲዘንብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ጥላው ከግንዱ በየአቅጣጫው 4 ሜትር የሚዘረጋ ዛፍ አለ እንበል። ከጥላው በታች ያለው መሬት ስፋት 3.14 ሲባዛ በ4 ሲባዛ በ4፣ ማለትም 50 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ለዚህ መሬት 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያህል ውኃ ለመስጠት 500 ሊትር ያስፈልጋል። ይህም ባለ 20 ሊትር 25 ጀሪካን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በካምፕ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር እንዲደርስ መመዘኛ አስቀምጧል። ስለዚህ 25 ጀሪካን ማለት የ25 ሰው የአንድ ቀን ውኃ ነው። «ሰው ሳይጠጣ ለዛፍ ይሰጣል ወይ?» የሚሉት ወላጆች ትክክል የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው። ለትልቅ ዛፍ የመጠጥ ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ አንድ ሁለት ጀሪካን ከግንዱ ሥር ቢደፋም የረባ ጥቅም አይሰጥም።

ነገር ግን ሒሳቡን ገልብጠን እንየው። አንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ ያ 500 ሊትር ማንም ሳይሸከመው ይመጣል። ጥያቄው በተጠቀጠቀው መሬት ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል ወይስ ወደ ሥሩ ይገባል የሚለው ነው። እንዲሁም 8 ሜትር በ25 ሜትር የሆነ የክፍል ጣሪያ 200 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 2,000 ሊትር ይወርዳል፤ ሩቡ ቢባክን እንኳ 1,500 ሊትር ይቀራል። የጣሪያው ውኃ መጀመሪያ ለሰው ይጠራቀም። ከበርሜሉ የሚተርፈው ግን በጎርፍ ከሚሄድ በትንሽ ቦይ ወደ ዛፉ ይምጣ።

ምን እናድርግ?

— ከዝናብ በፊት ከቅርንጫፎቹ ጫፍ በታች የአንድ ስንዝር ያህል ከፍታ ያለው የአፈር ክትር በጨረቃ ቅርጽ ሥሩ። የሚወርደውን ውኃ ያቆምና ያሰርጋል። ለክትሩ አፈር ስትወስዱ የዛፉን ሥር አትቆፍሩ።
— የረገፈውን ቅጠል ጠርጋችሁ አታቃጥሉ። እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጉዝጓዝ መሬቱን አልብሱ። ጉዝጓዙ ትነትን ይቀንሳል፤ አፈሩንም ያቀዘቅዛል። ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ከተጠጋ ቅርፊቱ ይበሰብሳል።
— ከቦኖው ሥር ፈሶ ጭቃ የሚሆነውንና የእጅ መታጠቢያውን ውኃ በቦይ ወደ ዛፉ ምሩ። በረኪና፣ ጨው ወይም ዘይት ያለበት ውኃ ግን አይሁን። ውኃው ቶሎ መስረግ አለበት፤ ረግቶ ከቆየ የወባ ትንኝ ይራባበታል።
— ስታጠጡ በማታ ወይም በማለዳ፣ ቀስ እያላችሁ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ አጠጡ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይልቅ አልፎ አልፎ በደንብ ማርካት ይሻላል። ጥቂቱ ውኃ ላይ ላዩን እርሶ ይተናል።
— ከዛፉ ላይ ሚስማር አትምቱ፤ ፍየል አትሰሩበት፤ ከሥሩ እሳት አታንድዱ። የማገዶ ችግር እንዳለ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከተጠማ ዛፍ አረንጓዴ ቅርንጫፍ መቁረጥ ምግብ የሚያዘጋጅበትን እጁን መቁረጥ ነው። የደረቀ ቅርንጫፍ ግን ለልጆች ያሰጋልና በትልልቅ ሰዎች ይወገድ።
— አዲስ ጉድጓድ ወይም ቦይ ለመቆፈር የሚያስብ ሰው ሲመጣ «ከዛፉ ጥላ ውጭ ቢሆንስ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ።

ዛፉን የሚጠብቅ ማነው?

በናይሮቢ ከተማ በዋያኪ ጎዳና ላይ መቶ ዓመት ገደማ የሚሆነው ትልቅ የሾላ ዓይነት ዛፍ አለ። ኪኩዩዎች ሙጉሞ ይሉታል፤ በባህላቸውም የተከበረ ዛፍ ነው። በ2020 የናይሮቢ ፈጣን መንገድ ሲሠራ ሊነሳ ታስቦ ነበር። ብዙ ሰዎች ተቃወሙ። በኅዳር ወር 2020 ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ዛፉ እንዲጠበቅ አዘዙ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ከመቆረጥ ያዳነው ዐዋጅ ውኃ አያጠጣውም። መንገድ የከበበው ዛፍ ከዐዋጁ በኋላም በየዓመቱ የሚያየው ሰው ይፈልጋል።

በቅርባችን ደግሞ የቱርካና ሕዝብ የቆየ ሥርዓት አለው፤ ኤክዋር ይባላል። በደረቅ ወንዞች ዳር ያሉት ግራሮች በዚህ ሥርዓት ለየቤተሰቡ የተለዩ ናቸው። ቤተሰቡ የዛፉን ፍሬ ለከብቶቹ ይጠቀማል፤ ዛፉ እንዳይቆረጥም ይጠብቃል። ሜልበርን በቁጥርና በካርታ የሠራችውን ቱርካናዎች በዘመድና በመተዋወቅ ሲሠሩት ኖረዋል። በሁለቱም ቦታ እያንዳንዱ ዛፍ የሚያውቀው ሰው አለው። በአገራችንም የድሬዳዋ ከዚራ ጥላ ዝነኛ የሆነው ዛፎቹ ቀድመው ስለተተከሉ ብቻ አይደለም፤ ከተተከሉ በኋላ የተንከባከባቸው ሰው ስለነበረ ነው።

ለክፍል ሥራ

1. በቡድን ሆናችሁ በግቢያችሁ ወይም በሰፈራችሁ አንድ ትልቅ ዛፍ ምረጡ። ቁጥር ስጡትና ደብተር ክፈቱለት።
2. የግንዱን ዙሪያ ለክታችሁ ዳያሜትሩን አስሉ።
3. የጥላውን ርዝመት ከግንዱ ጀምራችሁ በአራት አቅጣጫ በቀትር ለኩና አማካዩን አግኙ። 15 ሚሊ ሜትር ዝናብ ለዚህ ዛፍ ስንት ሊትር ያመጣለታል? ስንት ጀሪካን ይሆናል?
4. አፈሩን መርምሩ። ከሦስቱ ሁኔታዎች የትኛው ነው?
5. ወላጆቻችሁን ወይም ከሁሉ ቀድመው እዚህ የሰፈሩ ጎረቤቶችን «ይህን ዛፍ ማን ተከለው? ያን ጊዜ ምን ያህል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ።

የክፍል ተማሪ ይለወጣል፤ ቤተሰብም ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ አገር ቤት ይሄዳል። ዛፉ ግን በቦታው ይቆያል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን የምትለቁ ተማሪዎች ደብተሩን ይዛችሁ አትሂዱ። ከእናንተ በታች ላለው ክፍል አስረክቡ፤ ያስረከባችሁበትንም ቀን ጻፉበት።